አዲስ ቁስ እንዴት ይገኛል? ከጋፋት ምድጃ እስከ ዘመናዊው ቤተ ሙከራ

በደብረ ታቦር ከተማ ሽምብራ የጣደ ሰው ውኃው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ቢጠብቅ በከንቱ ይደክማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃውን ከላይ የሚጫነው የአየር ግፊት አነስተኛ ነው፤ በዚህም የተነሣ ውኃው በ91 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። እሳቱን ቢያበረቱት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የውኃው ሙቀት ከዚያ አያልፍም። ጥራጥሬ በደጋ ከቆላ ይልቅ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው ስለዚህ ነው። እንፋሎት አፍኖ የሚይዝ ድስት ያለው ጎረቤት ግን በድስቱ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ቶሎ ያበስላል።

በሁለቱም ቤት ያለው ውኃ አንድ ነው፤ የተለያየው ያለበት ሁኔታ ነው። አዳዲስ ቁሶችን የሚፈልጉ ሳይንቲስቶች ሥራ ከሞላ ጎደል በዚህ እውነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ጽሑፍ «አዲስ ቁስ ተገኘ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ግኝቱ በምን መንገድ እንደሚገኝና እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ በመጨረሻም ከፈጠራ ሥራው ጋር ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ዜጋ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ የሚገባውን ለማስረዳት የቀረበ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ከሩቅ አገር የመጣ እንዳይመስል ማብራሪያው ከደቡብ ጎንደር ምድር ይነሣል።

የጋፋት ምድጃ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ጋፋት በዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን የብረታ ብረት ሥራ መንደር ነበር። በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑት የእጅ ሙያተኛ ሚስዮናውያን እንደነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉት በዚህ ስፍራ ተቀምጠው ሠርተዋል። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ ሙያ እንዲማሩ ተደርጓል። ሰዎቹ የመጡት መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ ስለ መድፍ ሥራም የረባ ዕውቀት አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አጥብቀው ያዙ። በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም በዚያው በመቅደላ ይገኛል።

የሴባስቶፖል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ፖለቲካ ታሪክ ወይም እንደ ቁጭት ነው። በሌላ በኩል ሲታይ ግን የቁስ ምርምር ታሪክ ነው። ለማቅለጫ የሚሆን እሳት የሚችል ምድጃ ከምን ዓይነት ሸክላ ይሠራ? ማዕድኑ በምን ያህል ሙቀት ይቀልጣል? ሲቀዘቅዝ እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረግ? ዛሬ በማንኛውም የቁስ ሳይንስ ቤተ ሙከራ በየዕለቱ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

ነሐስን እንመልከት። ንጹሕ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ቆርቆሮ ሲጨመርበት ግን ቅይጡ ወደ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ከመዳብም ከቆርቆሮም የጠነከረ ይሆናል። (እዚህ ላይ ቆርቆሮ የተባለው ራሱን የቻለው ብረት ነው፤ ለቤት ክዳን የምንጠቀምበት ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ የብረት ዝርግ ስለሆነ ሌላ ነገር ነው።) ሁለት ለስላሳ ነገሮች ተደባልቀው ጠንካራ ነገር መውጣቱ ምሥጢር ይመስላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ በመዳብ ውስጥ አቶሞች በንብርብር ተደርድረዋል፤ ሲመታ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ግዙፍ የሆነው የቆርቆሮ አቶም በመካከል ሲገባ መንሸራተቻውን ያደናቅፈዋል።

የገበሬውን ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ሥራ ይሠራል። ንጹሕ ብረት በቤት ሙቀት አቶሞቹ የሚደረደሩበት ሥርዓት አለው። ግሎ 912 ዲግሪ ሲደርስ፣ ገና ጠጣር እንደሆነ፣ አቶሞቹ ቦታ ቀይረው በሌላ ሥርዓት ይደረደራሉ። በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ካርቦን የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ክፍተት ይገኛል። ካርቦን ያለበትን ብረት ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ቢተዉት ካርቦኑ ይወጣል፤ ባለሙያው ግን ከፍም ላይ አንሥቶ በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነክረው ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ያጣና በውስጡ ይታሰራል። ብረቱም ስለት የሚይዝ ጠንካራ ይሆናል። ባለሙያው ጊዜውን የሚያውቀው በቴርሞሜትር ሳይሆን በግለቱ ቀለም ነው። ብረት በ770 ዲግሪ ማግኔት መሳቡን እንደሚያቆም ሳይንሱ ይነግረናል፤ ቀጥቃጩ ዓይን ግን ይህን ሁሉ ሙቀት በመቅላትና በመንጣት መለየትን ለምዷል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዙ ሰዎች በአገራችን ለዘመናት «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የንቀቱ ጉዳት በሰዎቹ ክብር ላይ ብቻ አልነበረም። የተናቀ ሙያ አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ሙያ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን ማስታወሻ ትተው አልፈዋል፤ ከእነርሱ ጋር ሸክላውን የመረጡ፣ ፍሙን ያነደዱ፣ ወናፉን የነፉ የአገሬው ሰዎች ግን የሚያውቁትን በጽሑፍ አላቆዩልንም። በሳይንስ ዓይን ከሁሉ የሚበልጠው ኪሣራ ይህ ነው።

የማይታየውን ሥርዓት ማየት

ጠጣርና ፈሳሽ ነገሮች በውስጣቸው ያሉት እጅግ ብዙ አቶሞች አንድ ላይ ሆነው ለምን እንዲህ ወይም እንዲያ ያለ ጠባይ እንደሚያሳዩ የሚመረምረው የሳይንስ ዘርፍ ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ይባላል። የዘርፉ ዋና ትምህርት በአጭሩ ሲገለጽ፣ የአንድ ቁስ ጠባይ የሚወሰነው ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ነገር እንዴት እንደተደረደረ ጭምር ነው የሚል ነው። ከሰልም አልማዝም ካርቦን ናቸው።

ድርድሩ በዓይን የማይታይ ከሆነ በምን ይታወቃል? በሌሊት ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ በጨርቁ ውስጥ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት የተመለከተ ሰው አንዱ መብራት በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ብዙ ነጠብጣቦች ሆኖ ይታየዋል። ነጠብጣቦቹን የፈጠረው የጨርቁ ድርና ማግ ነው። ሽመናው ጠበቅ ያለ ከሆነ ነጠብጣቦቹ ይራራቃሉ፤ ሳሳ ያለ ከሆነ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ጨርቁን ሳይነኩ በነጠብጣቦቹ ርቀት ብቻ ሽመናውን ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1912 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላውዌና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የእነርሱ ጃንጥላ ክሪስታል፣ መብራታቸውም ኤክስሬይ ነበረ። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ፣ ዊልያም ሄንሪና ዊልያም ሎረንስ ብራግ፣ ከነጠብጣቦቹ ተነሥቶ የአቶሞቹን ቦታ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ አዲስ ቁስ ሠራሁ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «የኤክስሬይ ውጤቱ የት አለ?» የሚል ነው። እንደ ሰው አሻራ ሁሉ እያንዳንዱ ክሪስታል የራሱ የነጠብጣብ አሻራ አለውና።

ሶስና ኃይሌና የጨው ምሥጢር

አዲስ ቁስ እንዴት እንደሚገኝ ለማሳየት ከፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ሥራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ፕሮፌሰር ሶስና የታላቁ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በአዲስ አበባ ነው። ቤተሰባቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአገር ወጥቶ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኖሯል። እርሳቸውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዓመታት አስተምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

የተነሡበት ችግር ይህ ነው። ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ፣ ሳያቃጥል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ተረፈ ምርቱም ውኃ ነው። መሣሪያው እንዲሠራ በመካከሉ የሃይድሮጅንን ፍሬ፣ ማለትም ፕሮቶንን፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ጋዙን ግን የማያሳልፍ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ለዚህ ከዋሉት ግድግዳዎች አንደኛው ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ፕሮቶን የሚያሻግረው ግን ውኃ እንደራሰ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ሌላው ዓይነት ሴራሚክ ነው፤ እርሱ ደግሞ ብዙ መቶ ዲግሪ ግለት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ የሙቀት ክልል ባዶ ነበር።

በዚህ መካከለኛ ክልል የሚሠራ ቁስ በዓለም አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ጠጣር አሲድ በመባል የሚታወቁ፣ በአሲድና በጨው መካከል ያሉ ክሪስታሎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ከሲዚየም፣ ከሃይድሮጅን፣ ከድኝና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ይህ ጨው 141 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ድንገት ጠባዩን እንደሚለውጥ፣ ፕሮቶን የማሻገር ኃይሉም በሺዎች እጥፍ እንደሚጨምር ደርሰውበታል። በዚያ ሙቀት ድኝና ኦክስጅን የያዙት የአቶም ቡድኖች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ መሽከርከር ይጀምራሉ። በደቦ የግንብ ሥራ ላይ ሰዎች በመስመር ቆመው ድንጋይ ሲቀባበሉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ማንም ከቦታው አይሄድም፤ እያንዳንዱ ከወዲያ ዞሮ ይቀበላል፣ ወዲህ ዞሮ ያቀብላል፤ ድንጋዩ ግን ሩጫ በሚመስል ፍጥነት ይጓዛል። ፕሮቶኑም እንደዚያው ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለሃያ ዓመታት ያህል ጨውን በፊውል ሴል ውስጥ የሚያገባ አልተገኘም። ምክንያቱ ተራ ነበር፤ ጨው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ፊውል ሴል ደግሞ ውኃ ያመነጫል። ስለዚህ መሣሪያው ራሱን አሟሙቶ ያጠፋል ተብሎ ታሰበ። የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን የጠየቀው «ውኃው በምን ሁኔታ?» ብሎ ነው። መሣሪያው ከ100 ዲግሪ በላይ እስከሠራ ድረስ የሚወጣው እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ ውኃ አይደለም፤ እንፋሎት ደግሞ ጨውን አያሟሟም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት መሣሪያው እንደሚሠራ አሳዩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በምርምር ሥራ የመጀመሪያው ደስታ ብዙ ጊዜ ዕድሜ የለውም። በጨው ውስጥ ያለው ድኝ ከሃይድሮጅኑ ጋር እየተዋሐደ መጥፎ ጠረን ያለው መርዛም ጋዝ ይፈጥርና መሣሪያውን ያደክመው ጀመር። ቡድኑ በድኝ ምትክ ፎስፈረስ ወዳለበት ተመሳሳይ ጨው ዞረ። ይህኛው ጠባዩን የሚለውጠው በ230 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌላ እንቅፋት ግን ነበረ፤ ጨው በዚያ ሙቀት በውስጡ ያለውን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በውኃ መልክ እያስወጣ ይፈርሳል። አንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲያውም ታየ የተባለው ለውጥ የመፍረሱ ምልክት እንጂ እውነተኛ ጠባይ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። መፍትሔው የደብረ ታቦሯን ባለ ድስት ያስታውሳል። በጨው ዙሪያ በቂ እንፋሎት ከተደረገ በውስጡ ያለው ውኃ የሚወጣበት መንገድ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ጨው በእንፋሎት ሲከበብ ሳይፈርስ እንደሚቆይ፣ ለውጡም እውነተኛ እንደሆነ፣ መሣሪያውም እንደሚሠራ አሳዩ። ተማሪዎቻቸውም ሐሳቡን ወደ ገበያ ለማድረስ ኩባንያ እስከ ማቋቋም ደረሱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጨው አልተፈጠረም። የተገኘው አዲስ ነገር በነበረው ጨው ላይ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። በዚያው በ2001 በዚያው በኔቸር መጽሔት የታተመ ሌላ ግኝትም ይህንኑ ያጠናክራል። ማግኒዥየምና ቦሮን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች የያዘ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ውሕድ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች አቀዝቅዘው ሲለኩት ከዜሮ በታች 234 ዲግሪ ላይ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት የሚያስተላልፍ፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ምእተ ዓመት ሙሉ ማንም በዚያ መንገድ አልለካውም ነበር።

ስሕተት፣ ዕድልና ስሌት

ሁሉም ግኝት በታሰበበት መንገድ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቶኪዮ ውስጥ በሂዴኪ ሺራካዋ ቤተ ሙከራ አንድ እንግዳ ተመራማሪ በስሕተት ከሚገባው መጠን ሺህ እጥፍ የሚሆን አጋዥ ኬሚካል ጨመረ። ጥቁር ዱቄት ይወጣል ሲባል ብር የሚመስል የሚያብረቀርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን የተበላሸ ሙከራ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። ሺራካዋ አስቀመጠው፤ አጠናውም። በኋላም ከአለን ማክዳያርሚድና ከአለን ሂገር ጋር ሆኖ ጥቂት አዮዲን ሲጨምሩበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ በሚሊዮኖች እጥፍ ከፍ አለ። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም የሚባለው ፕላስቲክ አስተላላፊ ሆነ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ የምርምር መስመር ወደ አገራችንም ደርሷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ፣ ከስዊድኖቹ የሊንሾፒንግና የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር በመተባበር የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ አዳዲስ ፕላስቲኮችን በመሥራትና በመመርመር የምርምር ጽሑፎችን አሳትመዋል።

ታዲያ ሳይንቲስቶች ሁሉንም አንድ በአንድ ለምን አይሞክሩም? ቀላል ስሌት መልሱን ይሰጣል። ለሥራ የሚመቹ 80 ንጥረ ነገሮች አሉ እንበል። ከእነርሱ ሦስት ሦስቱን መርጦ ለማደባለቅ 82,160 መንገድ አለ፤ አራት አራቱን ከሆነ 1,581,580። ይህም መጠኑን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ገና ሳንለዋውጥ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ምድጃ ከመሄዳቸው በፊት በኮምፒዩተር ያሰላሉ። ስሌቱ የተመሠረተው ዋልተር ኮን የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1960ዎቹ ባወጡት ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የኤሌክትሮኖቹን ጥግግት በማወቅ ብቻ አንድ የአቶም ድርድር ይጸና ወይም ይፈርስ እንደሆነ፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ ወይም ያግድ እንደሆነ ለመገመት ያስችላል።

ይህ ለደብረ ታቦር ወጣት ትርጉም ያለው ጉዳይ ነው። የኤክስሬይ መሣሪያና ከፍተኛ ግለት የሚሰጥ ምድጃ ውድ ናቸው። ለዚህ ስሌት የሚያገለግሉ እንደ ኳንተም ኤስፕሬሶ ያሉ ሶፍትዌሮች ግን ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ ትንንሽ ስሌቶችን በተራ ኮምፒዩተር ማካሄድ ይቻላል። በዚህ ዘዴ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችን ለማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረውና በየአገሩ የሚዘዋወረው የአፍሪካ ትምህርት መድረክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር ተማሪ በዚህ መንገድ ቢገባ የሚያጋጥመው ዋነኛ እጥረት የትዕግሥትና የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ይሆናል። ይሁንና ስሌት ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ኮምፒዩተር ይጸናል ያለው ቁስ ሁሉ በምድጃ ተሠርቶ አይገኝም።

ግኝት የሚጸናው ሌላ ሰው ሲደግመው ነው

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 ብለው የሰየሙት፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ፎስፈረስና ኦክስጅን ያለበት ቁስ በተራ የአየር ግፊት ከቤት ሙቀት በላይ ሳይቀር ሱፐርኮንዳክተር ነው ሲሉ አስታወቁ። እውነት ቢሆን ኖሮ ከኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር እስከ ሕክምና መሣሪያ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። በማግኔት ላይ በከፊል የተንሳፈፈ ቁራጭ የሚያሳየው ቪዲዮም በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ።

በሳምንታት ውስጥ በቻይና፣ በሕንድ፣ በአሜሪካና በጀርመን የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች በወጣው አሠራር መሠረት ቁሱን ራሳቸው ሠርተው ፈተሹት። ያ ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ለውጥ የመጣው አብሮ ከተቀላቀለ የመዳብና የድኝ ውሕድ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ውሕድ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት የአቶም ድርድሩን ይቀይራል። በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ንጹሑን ክሪስታል ለብቻው ሲያሳድገው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ኤሌክትሪክን የሚያግድ ነገር ሆኖ ወጣ።

ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም። አሠራራቸውን በግልጽ ስለጻፉ ነው ስሕተቱ በፍጥነት የታወቀው። ሊያስጠነቅቀን የሚገባው ሌላ ነው፤ አሠራሩ «ምሥጢር» የተባለ፣ ሌላ ሰው እንዳይመረምረው የሚከለከል፣ ዋጋው ግን በሚሊዮን የሚጠራ ቁስ። «ቀይ ሜርኩሪ» እየተባለ በተለያዩ አገሮች ሰዎች ሲታለሉበት የኖረው ነገር የዚህ ዓይነት ነው። እንደሚወራለት ያለ ቁስ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ታይቶ አያውቅም።

ወደ መሥሪያ ቤት ከመምጣትዎ በፊት

የጉና ተራራና አካባቢው የተሠራው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። እንዲህ ባለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ማግኔት የሚሳብ የብረት ኦክሳይድ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማግኔት ስለሳበው፣ ስለከበደ ወይም ስላብረቀረቀ ብቻ አንድ ድንጋይ አዲስ ወይም ውድ ነው ማለት አይቻልም። የማዕድን ናሙና ለማስመርመር የሚፈልግ ሰው ናሙናውን ሳያጥብና ሳያቃጥል፣ የተገኘበትን ቀበሌና ትክክለኛ ስፍራ፣ ቀኑንና ከምን ዓይነት አለት ላይ እንደተነሣ ጽፎ ቢያመጣ መርማሪውን ይረዳል። ጥቂቱን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ሁለተኛ ምርመራ ቢያስፈልግ መነሻ ይሆናል።

ቁስ ሠርቻለሁ የሚሉ ከሆነ ደግሞ የሕጉን አንድ ነጥብ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ግኝትና ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ ለብቻቸው ፓተንት አይሰጣቸውም። ጨው በ230 ዲግሪ ጠባዩን መለወጡ ግኝት ነው፤ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። ያንን ጨው ይዞ የሚሠራ መሣሪያ ወይም ጨውን ሳይፈርስ የሚያቆይ አሠራር ግን አዲስ ከሆነ፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይገመት የፈጠራ ብልኃት ካለው፣ በኢንዱስትሪም ሊሠራበት የሚችል ከሆነ ፓተንት ሊጠየቅበት ይችላል። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በኢትዮጵያ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ከዚህ ዝቅ ላለ የፈጠራ ደረጃ የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ አለ፤ እርሱም 5 ዓመት ሆኖ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አሠራሩን በማኅበራዊ መገናኛ ወይም በስብሰባ ላይ በዝርዝር ከመግለጽ በፊት ማመልከት ይመረጣል፤ አስቀድሞ ለሕዝብ የታወቀ ነገር «አዲስ» የመባል መብቱን ሊያጣ ይችላልና።

ከሁሉ የሚቀድመው ሰነድ ግን የሥራ ማስታወሻ ደብተር ነው። በምን ቀን፣ ከምን ያህል ግብዓት፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደተሠራ፤ ሳይሳካ የቀረው ሙከራም ጭምር ሳይሰረዝ ይጻፍ። ማጭዱን ከባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ቴርሞሜትር ባይኖረው እንኳ የብረቱን ቀለምና ውኃ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ በራሱ ቃል ሊያሰፍር፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጁ እንዲጽፍለት ሊያደርግ ይችላል። ቀለሙን ሲጽፍ «ቀይ» ብቻ ከሚል «እንደ በሰለ በርበሬ» ወይም «እንደ ብርቱካን» ቢል ይሻላል፤ በበርበሬውና በብርቱካኑ መካከል 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ልዩነት አለ።